ሦስቱ ሽማግሌዎችና የዋንዛው በር

ሰሞኑን ዲላ ውስጥ «ልጄን ካልወሰዳችሁ አትወጡም ብሎ ሽማግሌ ቤት ዘግቶ ያዘ» እየተባለ የሚወራበት ሰው እኔ ነኝ። ወሬው ባጃጅ ላይ ሳይቀር ተሳፍሯል። ትናንት እንኳ ከመናኸሪያ ወደ ቤት ስመለስ ከጎኔ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች የእኔን ጉድ ለእኔው ሲተርኩልኝ፣ ሰፈሬ ሳልደርስ ወርጄ በእግሬ ገባሁ። ፍረዱኝ እንግዲህ! እኔ ሽማግሌ ላስቀር? እኔ እኮ ገና ሳይመጡ እንዴት አድርጌ እንደምመልሳቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳጠና የከረምኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከባጃጅ ከምትሰሙት ከባለጉዳዩ ስሙት።

ነገሩ የጀመረው ከበር ነው። የምንኖረው አባቴ በሠራው የጭቃ ቤት ነው። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ግድግዳው ወደ ጎረቤት ዘንበል ብሏል። ባለቤቴ አስቴር «ጎረቤት የሚያወራውን ለመስማት ነው» ትላለች። የፊት በሩ ግን ወፍራም የዋንዛ በር ነበር፤ ታችኛውን ጫፉን ምስጥ ስለበላው የሰፈር ድመት ሁሉ ሳያንኳኳ ይገባና ይወጣ ነበር። ለዓመታት ማንም አልከፋውም። ድመቶቹም አልከፋቸውም።

አንድ ቅዳሜ ይርጋጨፌ ቡና ማጠቢያ የምትሠራው ልጃችን ሄለን መጣችና ለእናቷ በጆሮዋ አንድ ነገር ሹክ አለቻት። እናቷ ደግሞ ለእኔ ጮክ ብላ ነገረችኝ። ገደብ ከተማ የሚያስተምር ደረጀ የሚባል ልጅ አለ፤ ሊያገባት ይፈልጋል፤ እሷም ትፈልጋለች፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ሽማግሌ ይልካል። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት አስቴር በሩን አየችና «ሽማግሌ በዚህ በር አይገባም!» አለች።

እውነቱን ልናገር። ልጄን መስጠት አልፈለግኩም። ልጁን ጠልቼ አይደለም፤ መች አውቄው! ግን ሄለን አንድ ልጃችን ናት። ቅዳሜ ከሰዓት የግቢው በር ሲንቋቋ እሷ መሆኗን ከእግሯ ኮቴ እለያለሁ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ቀን ለእኔ የቅዳሜ መጠበቂያ ነው። ገደብ ከዲላ ምን ያህል ይርቃል ብትሉኝ፣ ይርጋጨፌን አልፎ ትንሽ መሄድ ነው። ለእኔ ግን ኬንያ ነበር።

ደግነቱ ሥርዓታችን ለእንደኔ ዓይነቱ አባት መላ አበጅቷል። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። «ዘመድ እናማክር» ተብሎ ቀጠሮ ተቆርጦለት ይመለሳል። እኔ በዕድሜዬ ሙሉ ሥርዓት አክባሪ ነኝ ብዬ አልኮራም፣ ይህኛውን ግን ወደድኩት። ቀጠሮውን ቡና ተለቅሞ ካበቃ በኋላ ላደርገው ወሰንኩ። ወሩ ሚያዝያ ነበር።

ለበሩ የሰፈራችንን አናጢ ጋሽ በራሶን ጠራን። ጋሽ በራሶ በሩን በጣታቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡት። «ቲቸር፣ ይሄ በር ገና ልጅ ነው» አሉኝ። «የበሰበሰውን ታቹን ቆርጬ አዲስ እንጨት እቀጥልለታለሁ፣ አለቀ።»

«አይ፣ ሙሉ በሙሉ አዲስ ይሁን» አልኩ።

«እሱማ ደረቅ ጣውላ ይፈልጋል። አሁን ገበያ ላይ ያለው እርጥብ ነው። ሦስት ወር ይቆይ።»

«ሽማግሌዎቹ ሁለት ሳምንት ነው የቀራቸው!»

«ታዲያ ልቀጥልልህ አልኩህ እኮ።»

እዚህ ላይ እሺ ማለት ነበረብኝ። ግን ስልኬ ላይ አንድ ፈረንጅ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ በር ሲሠራ አይቻለሁ። ሸሚዙ እንኳ አልቆሸሸም። ከዚያም በላይ እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ጉልበት፣ ክብደት፣ ማዕዘን፣ የቁስ መለጠጥና መኮማተር ስንቱን ትውልድ አስተምሬያለሁ። «ራሴ እሠራዋለሁ» አልኩ። ጋሽ በራሶ ስልኬ ላይ ያለውን ሰውዬ ትንሽ ካዩት በኋላ «ይሄ ሰው ዲላ መጥቶ ያውቃል?» ብለው ጠየቁኝና መልሱን ሳይጠብቁ ሄዱ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አበው እኔን አስቀድመው ሳያዩኝ አልቀሩም። የዋንዛ ጣውላ መንገድ ዳር ከሚሸጥበት ራሴ መርጬ ገዛሁ። ከክምሩ ውስጥ ከሁሉ የሚያብረቀርቀውን ነው የመረጥኩት። የሚያብረቀርቀው ጥራት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ውኃው ነው። ግቢ ሳደርሰው አስቴር በእጇ ዳበስ አደረገችውና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ይህን እያየሁ ምንም አልጠረጠርኩም።

ቀጥሎ ልኬት መጣ። የመቃኑን ስፋት በሜትር ከላይ ለካሁ፣ ከመሐል ለካሁ፣ ከታች ለካሁ። ሦስቱም አልተስማሙም። ቤቱ ዘንበል ሲል መቃኑም አብሮት ዘንበል ብሏል። አናጢ ቢሆን ኖሮ በሩን እንደ መቃኑ ያጣምመው ነበር። እኔ ግን ሳይንስ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ የሦስቱን አማካይ ወሰድኩ። አማካይ ማለት ታዲያ የትም ቦታ ላይ ትክክል ያልሆነ ቁጥር ማለት መሆኑን ያወቅኩት በሩን ካቆምኩት በኋላ ነው። ከላይ አልገባ አለ፣ ከታች ድመቶቹ ሊደሰቱ የሚችሉበት ክፍተት ተረፈ።

የላይኛውን በመላጊያ ላግኩት። ስልግ የሚወጣው የእንጨት ፍቅፋቂ አምሮኝ፣ መቆም የነበረብኝ ቦታ ላይ ሳልቆም ቀረሁ፤ ከዚያ ደግሞ የጎደለውን ለመሙላት ቀጭን እንጨት መለጠፍ ግድ ሆነ። ሚስማር ለመግዛት ለሦስተኛ ጊዜ ሱቅ ስሄድ ባለሱቁ አቶ ከድር ሚዛኑን ይዞ ቆም አለና «ቲቸር፣ በር ነው ወይስ አጥር?» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ባለሱቅ ጠልቼ አላውቅም።

ማጠፊያ ደግሞ ሌላ መከራ ነበር። የድሮው በር ማጠፊያ ስነቅለው ተሰበረ። አዲሶቹ ማጠፊያዎች ቀጫጭኖች ናቸው፤ የእኔን በር ክብደት ሲያዩ የሚተጣጠፉት ራሳቸው ነበሩ። የጓሮው በር ማጠፊያ ግን የድሮ ሰው ሥራ ነው፣ ጠንካራ። ነቀልኩትና ለፊቱ በር አደረግኩት። ማጠፊያ የሌለው በር ቆሞ አያድርምና የጓሮውን በር በሚስማር ቸነከርኩት። ለጊዜው ነው አልኩ። በቤታችን ለጊዜው የተደረገ ነገር ሁሉ እስከ ዛሬ አለ።

ከታች የቀረውን ክፍተት እንዴት እንደዘጋሁት ስነግራችሁ ግን ትንሽ አድንቁኝ። በሩን ማርዘም አቃተኝ፤ ስለዚህ መሬቱን ከፍ አደረግኩት። ከዚያው ከሚያብረቀርቀው ጣውላ ወፍራም ደፍ ቆርጬ ከበሩ ሥር በሁለት ትልልቅ ሚስማር መታሁት። ለዚህ ሥራ አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ መትቻለሁ። በዋዜማው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚያ ጥሩ ፀሐይ በሩ ግጥም ብሎ ተዘጋ። የፈተና ወረቀት አምጥቼ በዙሪያው ሞከርኩ፤ በየትም በኩል አልገባም አለ።

«ወረቀት አያሳልፍም!» አልኳት አስቴርን።

«ሰውስ?» አለች። ቅናት መሰለኝ።

ማታውን ዝናብ ጣለ። ዲላ ሲዘንብ እንዴት እንደሚዘንብ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አልችልም። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አደረ፣ ጠዋትም አላባራም። አስቴርና ሄለን ገና ሳይነጋ ተነስተው ወደ ግቢው ማድ ቤት ሲገቡ በሩን ከፍተውት ስለወጡ፣ በሩ እንደተከፈተ ዝናቡን ሲጠጣ አረፈደ። ቁስ ይለጠጣል ብዬ ስንቱን ተማሪ የጣልኩ ሰው፣ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ንግግሬን እለማመድ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከገደብ በጠዋት አውቶቡስ መጡ። ሦስት ናቸው። መሪያቸው አቶ ጅግሶ ነጭ ጢም ያላቸው ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ሁለተኛው መቃኑን ጎንበስ ብሎ ያለፈ ግዙፍ ሰውዬ ነው። ሦስተኛው ጃንጥላ የያዘ ዝምተኛ፤ ሥራው አቶ ጅግሶ በተናገሩ ቁጥር ራሱን መነቅነቅ ይመስላል። ዝናቡ ወደ ውስጥ ሲረጭብን ግዙፉ ሰውዬ በአክብሮት ተነሳና በሩን ዘጋው። አልገባም ሲለው በትከሻው ገፋ አደረገው። ጓ! ብሎ ተዘጋ። እኔማ በኩራት ፈገግ አልኩ።

አቶ ጅግሶ ቆመው የጌዴኦ ቃና ባለው አማርኛ ተናገሩ። «ቲቸር፣ እኛ ገደብ ነው የመጣነው። ልጅህ ሄለን ጥሩ ልጅ ነው ብለው ሰዎቹ ነገሩን። የእኛም ልጅ ጥሩ ነው። የአንተን ልጅ ለእኛ ልጅ ስጠን ብለን ነው ደጅህን የረገጥነው።»

እኔም ተነስቼ ያጠናሁትን አንድም ሳላስቀር አወረድኩት። ስለ መምጣታቸው አመሰገንኩ፣ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ገለጽኩ፣ ዘመድ መማከር እንዳለበት አስረዳሁ፣ ቡና ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ቢመለሱ መልካም መሆኑን ተናገርኩ። በጣም አማረልኝ። ሽማግሌዎቹም ሥርዓቱን ያውቃሉና አልተከፉም። አቶ ጅግሶ ኮፍያቸውን አነሱ። «እሺ፣ እንመለሳለን» አሉ።

ግዙፉ ሰውዬ በሩን ሳበው። አልተነቃነቀም። ደግሞ ሳበው። ሦስተኛው ላይ እግሩን መቃኑ ላይ አድርጎ ሲስበው፣ እጀታው ከነሚስማሩ በእጁ ቀረ። ሰውዬው እጀታውን ወደ እኔ ዘረጋልኝ፤ ምን እንደሚባል ሳላውቅ «አመሰግናለሁ» ብዬ ተቀበልኩት።

አቶ ጅግሶ በሩን አዩ፣ እኔን አዩ። «ቲቸር፣ እንመለሳለን ብለናል» አሉ ቀስ ብለው። «ግን በየት በኩል ነው የምንመለሰው?»

የጓሮው በር በሚስማር ተቸንክሯል። መዶሻውም መጋዙም መሮውም ውጭ እንጨት የላግኩበት ባንኮ ላይ ናቸው። መስኮቶቹ የብረት ፍርግርግ አላቸው፤ ሌባ እንዳይገባ ያስገጠምኩት እኔ ነኝ። ወደ መስኮቱ ሄጄ በፍርግርጉ መሐል «አስቴር!» ብዬ ተጣራሁ። አስቴርና ሄለን ከማድ ቤት ሮጠው መጥተው በሩን ከውጭ ገፉት። ከውስጥ እኛ በጣታችን እየቧጠጥን ለመሳብ ሞከርን። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ አብጧል፤ ከላይ መቃኑን፣ ከታች ደፉን ነክሶ ይዟል። አስቴር ያለ አንዳች አስተያየት ነጠላዋን አጣፍታ ጋሽ በራሶን ለመጥራት ወጣች። አስተያየት ብትሰጥ ይሻለኝ ነበር።

ተቀምጠን መጠበቅ ያዝን። ሄለን በመስኮቱ በኩል ምግብ ልታቀብል ሞከረች፤ አቶ ጅግሶ ግን እጃቸውን አነሱ። «የመጣንበት ነገር መልስ ሳያገኝ እህል አንቀምስም።» ሥርዓቱ ነው፤ አውቃለሁ። እነሱ ሳይቀምሱ እኔ ልበላ አልችልም። የዶሮ ወጡ ሽታ በፍርግርጉ መሐል እየገባ አራታችንንም ሲያሰቃየን ዋለ። የግዙፉ ሰውዬ ሆድ መጮህ ጀመረ፤ ዝምተኛው ሰውዬ ለሆዱም ራሱን ነቀነቀለት።

ጋሽ በራሶ ሲደርሱ የበሩን ዙሪያ በጣታቸው መታ መታ ሲያደርጉ ሰማኋቸው። «ነግሬህ ነበር» ይሉኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አላሉም። «ማንም በሩን ከውስጥ እንዳይነካ!» አሉ። «ከተሰነጠቀ እላያችሁ ላይ ነው የሚወድቀው። ራቅ በሉ!» ሁላችንም ወንበራችንን ይዘን ወደ ግድግዳው ተጠጋን። ከውጭ መዶሻ መምታት ተጀመረ። ኳ! ከዚያ ረጅም ዝምታ። ከዚያ ኳ! ይህን የመሰለ ጥንቁቅ አናጢ አይቼ አላውቅም አልኩ በልቤ።

ጊዜው ሲረዝም አቶ ጅግሶ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «መሄጃ ከሌለን እናውራ እንግዲህ። የምታማክረው ዘመድ የቱ ነው?»

«ይርጋጨፌ ያለው አጎቷ» አልኩ ወዲያው። «እሱ ሳይሰማ እንዴት ይሆናል?»

«ሰምቷል!» አለ አንድ ድምፅ ከመስኮቱ። ሄለን ናት። በሥርዓቱ ሽማግሌ ሲመጣ ልጅት ጓዳ ገብታ ትደበቃለች፤ የእኔ ልጅ ግን በበሩ ጥፋት ውጭ ቀርታ ፍርግርጉን ይዛ ቆማለች። «ባለፈው ሳምንት ነግሬዋለሁ አባዬ። እልል ነው ያለው።»

«የልጁም ጠባይ መጠናት አለበት» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«የደረጀን ርእሰ መምህር ጠይቀናል» አለች አስቴር ከሄለን ጀርባ። «ጥሩ ልጅ ነው ብለውናል።»

«መች ነው የጠየቃችሁት?»

«አንተ በር ስትሠራ።»

ኳ! አለ መዶሻው። አቶ ጅግሶ ጢማቸውን ዳበሱ። እኔ ሌላ ምክንያት ስፈልግ፣ ያጠናሁት ሁሉ ማለቁን አየሁ። ረሀቡም አደከመኝ መሰለኝ። አቶ ጅግሶ ቀስ ብለው «ቲቸር፣ እኔም ሴት ልጅ ድሬያለሁ» አሉኝ። «እውነቱን ንገረኝ፣ ምንድን ነው?»

«እውነቱማ እንድትሄድብኝ አልፈልግም» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። «ልጁ ጥሩ ይሆናል፣ እናንተም ጨዋ ሰዎች ናችሁ። ግን ቅዳሜ ማን ይመጣልኛል? እኔና እናቷ እዚህ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ምን እናወራለን? ለዚህ ነው ቀጠሮ የምሰጠው። ቀጠሮው ሲደርስም ሌላ ቀጠሮ እሰጥ ነበር።»

ዝምተኛው ሰውዬ ራሱን መነቅነቁን ረሳ። ሄለን ከመስኮቱ ላይ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አባዬ» አለችኝ፣ «የገደብ አውቶቡስ ይርጋጨፌን አልፎ ነው የሚሄደው። እኔ እኮ ግማሹን መንገድ ከሄድኩ ሦስት ዓመቴ ነው። አንተ ቅዳሜ ስለምመጣ ነው ያላየኸው።»

ደግሞም እውነቷን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤት ያለች መስሎኝ የምጠብቃት ልጅ፣ ከቤት ከወጣች ሦስት ዓመት ሆኗታል። እጄ ላይ የቀረውን የበር እጀታ ሳገላብጥ ቆየሁና ቀና ብዬ አቶ ጅግሶን አየኋቸው።

«ሰጥተናል» አልኩ።

አስቴር ግቢው ውስጥ እልልታውን አቀለጠችው። እልልታው ሳያልቅ በሩ፣ ያ አራት ሰው ስቦ ያቃተው በር፣ ያለ አንዳች ድምፅ ወደ ውስጥ ተከፈተ። ጋሽ በራሶ መዶሻቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። አቶ ጅግሶ ኮፍያቸውን አውልቀው «ተመስገን! የእግዜር ሥራ ነው!» አሉ። ግዙፉ ሰውዬ ግን ለተአምሩ ጊዜ አልነበረውም፤ እጁን ለመታጠብ ቀድሞን ወጣ።

በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁን። ማታ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼአቸው ስመለስ፣ ጋሽ በራሶ ምሳቸውን በልተው ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ደረስኩ። አስቴር አጠገባቸው ቆማለች። ደፉ ተነቅሎ ግድግዳው ሥር ተጋድሟል።

«ጋሽ በራሶ፣ እንዴት ከፈቱት?» አልኳቸው።

«ምን አለው? የያዘው ደፉ ነው። ሁለት ሚስማር ነው የነቀልኩት።»

«መቼ ነው የነቀሉት?»

«እንደመጣሁ።»

«እንደመጡ? ታዲያ ያ ሁሉ ኳኳታ ምን ነበር?»

ጋሽ በራሶ መላጊያቸውን በጆንያ መጠቅለል ጀመሩ። አስቴርን አየኋት። ዓይኗን አልሰበረችም።

«ቆይ ይምቱ ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለች።

«በስመ አብ! አስቴር፣ ሽማግሌ አስረሽ? ሥርዓቱ እኮ ነው፣ ሽማግሌ መጀመሪያ ቀን ይመለሳል!»

«የእኔም አባት ያንተን ሽማግሌዎች በሥርዓት ሦስት ጊዜ መልሷቸዋል» አለችኝ። «አንተ ውጭ ሆነህ ነው የጠበቅከው። እኔ ጓዳ ተቀምጬ በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ ሦስት ጊዜ ሰምቻለሁ። አራተኛ ቢመልሳቸው ኖሮ በሩን ገንጥዬ እወጣ ነበር።»

ሃያ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።